ስለ ባልንጀርነትና ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ

ባለፈው ዓመት የመስከረም ዝናብ ገና ጨርሶ ሳያባራ ለአንድ ጉዳይ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደን ሳለ፣ ከቀድሞ ጀምሮ በምናውቀው በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ቡና እንጠጣ ነበር። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ስሟንም ከአጠገቧ ከተኛው ውሃ የወሰደች የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ናት። አውራው ጎዳና በመካከሏ ስለሚያልፍ፣ በበረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ ወገን «ደሴ፣ ደሴ»፣ በሌላው ወገን «ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ» እያሉ መንገደኛ የሚጠሩትን ረዳቶች ድምፅ ሲሰማ ይውላል። በደቡብ በኩል የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስላሉ፣ የሐይቅና የአምባሰል ልጅ በአንድ ጎዳና ላይ ቆሞ ከሁለት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አንዱን የሚመኝበት ዘመን መጥቷል። በአባቶቹ ጊዜ እንዲህ አልነበረም።

የልብስ ሰፊው ሴት ልጅ የአሥራ ሁለተኛን ክፍል ፈተና አልፋ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መምህራን ይረዱታል፤ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩና። ከአጠገቧ የተቀመጠችው ባልንጀራዋ የውጫሌ ልጅ ስትሆን፣ የተዋወቁትም በዚያው በፈተና ሰሞን ነው። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ስለ ተደረገ፣ ሁለቱ ልጆች በአንድ መኝታ ክፍል ጥቂት ሌሊት አብረው አደሩና ከዚያ ወዲህ ሳይለያዩ ቀሩ። አንዲቱ ረመዳንን፣ ሌላይቱ ሁዳዴን የምትጾም ናት።

ልጅቱ የምርጫዋን ዝርዝር በደብተር ጽፋ ይዛ ነበርና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ አገር አይተዋል። በመጀመሪያ ደሴን ልጻፍ ወይስ ሐዋሳን?» አለችን። ምን ዓይነት ትምህርት ለመከታተል እንዳሰበች ብንጠይቃት፣ «ትምህርቱማ አንድ ነው፤ እኔ የምጠይቅዎ ስለ ግቢው ኑሮ ነው። ከሰው ጋር የሚያኗኑረው የትኛው ነው?» ስትል መለሰችልን።

በመጀመሪያ ልንቆጣት ቃጥቶን ነበር። ሰው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለመማር ነው ወይስ ለጨዋታ? መምህራኑ እነማን እንደ ሆኑ፣ የመጻሕፍቱ ቤት ምን ያህል የተደራጀ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ፣ ስለ ማታ ሽርሽርና ስለ መኝታ ቤት ወሬ መጠየቅ የወጣትነት ቅብጠት አይደለምን? ይህን የመሰለ ተግሣጽ ከአፋችን ጫፍ ደርሶ ሳለ፣ መልሷን እንደ ገና ብናስበው እውነትነት ያለው ሆኖ አገኘነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት የጋራ ትምህርት አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደርጓል። ሎጂኩም፣ ሳይኮሎጂውም፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊውም በደሴ ያው ነው፤ በሐዋሳም ያው ነው። መምህሩ በሳምንት ውስጥ የሚያገኛት ለጥቂት ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ የምታሳልፈው በስም እንኳ ከማታውቃቸው ልጃገረዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እንግዲያውስ ስለ ባልንጀራ መጠየቅዋ ከቁም ነገሩ መሸሽ ሳይሆን ወደ ቁም ነገሩ መቅረብ ሆነ።

ምርጫ ስንል ግን ሙሉ ምርጫ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውል። ተማሪው ፍላጎቱን በቅደም ተከተል ይጽፋል እንጂ፣ በውጤቱና በቦታው ብዛት መሠረት የሚመድበው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ እንዲሆን የተደረገው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል። ስለዚህ ልጅቱ የምትመርጠው ቦታውን ሳይሆን ምኞቷን ነው ማለት ይቻላል። ምኞትን መመርመር ግን ከንቱ ድካም አይደለም።

የልጅቱን ሐሳብ ሁለት ወገን ይዞ ይጎትተው ነበር። በሐዋሳ የሚማረው የአጎቷ ልጅ በስልክ የነገራት እንዲህ ነው፤ ማታ ማታ በሐይቁ ዳር መንሸራሸር አለ፤ በአሞራ ገደል ዓሣ ይበላል፤ ኳስ አለ፤ ከየአገሩ የመጣ ልጅ አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እናትየዋ ደግሞ በበኩላቸው ስለ ደሴ የሚሉት አለ፤ ዓርብ ማታ ቤቷ ትገባለች፤ ልብሷ ይታጠባል፤ ብትታመም አክስቷ ፒያሳ ናት፤ ቋንቋው ቋንቋዋ ነው፤ ቅዝቃዜውም ቢሆን የጦሳ ተራራ ቅዝቃዜ እንጂ የባዕድ አገር ብርድ አይደለም።

ሁለቱን ነገር ስንሰማ በመጀመሪያ ፈጽሞ የተቃረኑ መሰሉን። ቀስ ብለን ስናስበው ግን የአንድ ጨርቅ ሁለት ገጽ ሆነው ታዩን። የአጎቷ ልጅ የሚያወድሰው ከሚያውቁን ሰዎች ሸክም መላቀቅን ነው፤ እናቷ የሚያወድሱት ከማያውቁን ሰዎች ሸክም መዳንን ነው። አንዱም ቢሆን «በዚያ የማገኘውን ሰው እንዴት አድርጌ እሸከመዋለሁ?» አላለም። አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን ለጥቅም፣ ለደስታና ለበጎነት የሚደረግ ብሎ በሦስት ከፍሎት ነበር፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ምክንያታቸው ሲያልቅ ያልቃሉ፤ ሦስተኛው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አብሮ መብላትንም ይፈልጋል። በደብተሩ ላይ የሰፈረው ንጽጽር ሁሉ ከፊተኞቹ ሁለቱ አላለፈም ነበር።

ይህን ስናስብ ዓይናችን ከከተማው ወዲያ ወደሚታየው ውሃ ሄደ። በዚያ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ያቋቋሙትና መምህሩ የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የዳህና ሰው ሲሆኑ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው አስቀድመው የተማሩት ከትግራይ፣ ከደብረ ዳሞ፣ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ነው። ከእርሳቸው ሊማሩ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ የሸዋ ሰው ነበሩ፤ በሐይቅ ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ እርሳቸውም ወደ ዳሞ መሄዳቸው ተጽፏል። ሐይቅንና ዳሞን የዚያ ዘመን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብንላቸው ማጋነን አይሆንብንም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሐይቅ ዳር መምህሩ የዳህና፣ ተማሪው የሸዋ ሰው ሆነው፣ ያገሩ ተወላጅ አንዱም አልነበረም። የሐይቅ ስም የገነነው በዚህ ዓይነት እንግዶች ነው።

ከዚያም በኋላ የመጣው የቆሎ ተማሪ ሥርዓት በዚሁ የቆመ ነበር። ቅኔ የሚፈልግ ተማሪ ዋድላ ልሂድ፣ ዋሸራ ልሂድ፣ ጎንጅ ልሂድ እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከወላጆቹ ደጅ መራቅ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት ነበረው። በቅርብ ያለ ልጅ እናቱ ናፈቀችኝ እያለች ታስጠራዋለች፤ አዝመራ ሲደርስ አባቱ ይፈልገዋል። ሁለተኛውም፣ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቦ በሚታወቅበት ቀዬ መለመን ያሳፍረዋል። በማይታወቅበት አገር ግን የማንም ልጅ ስላልሆነ የሁሉ ልጅ ይሆናል። በእስላሙም ወገን ነገሩ እንዲሁ ነበር። ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ወደ ጋታና ወደ ዳና የወሎ ደረሳ ብቻ ሳይሆን ከጅማ ሳይቀር ኪታቡን ተሸክሞ የሚመጣ ደረሳ ነበረ፤ ቀለቡንም የሚችለው ያገሩ ገበሬ ነበር።

ነገር ግን የቀድሞውን ተማሪ መልአክ አድርገን ለማቅረብ አንሻም። እርሱም ቢሆን ማታ በጎጆው ውስጥ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጫወት፣ የእገሌ አገር ሴቶች ደጎች ናቸው፣ የእገሌ አገር ሰው ንፉግ ነው፣ የእነ እገሌ መንደር ውሻ አያስቀርብም እያለ ሁለቱን ጉባኤ ቤት በእንጀራው ውፍረትና በውሻው ክፋት ሳያወዳድር አልቀረም። የአጎቷ ልጅ ስለ አሞራ ገደል ዓሣ ማውራቱ ከዚህ አይብስም። ልዩነቱ የቀድሞው ተማሪ ወሬውን ካወራ በኋላ የሚሄደው መምህሩ ወዳለበት መሆኑ ነው።

እኛ ራሳችን በዚህ ነገር የሚያሳፍር ታሪክ አለን። ተማሪ በነበርን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎናችን ባለ አልጋ ላይ የተኛ ከጋሞ አገር የመጣ ልጅ ነበር። ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ብርድ የማይስማማው ልጅ ነበር። እርሱ አማርኛችንን በቀልዱ በተረቱ ሳይቀር አጥርቶ ዐወቀ፤ እኛ ግን ከቋንቋው አንዲት ቃል ለመያዝ አልደከምንም፤ በእርሱ ድካም የተሠራውን ባልንጀርነት የሁለታችን ሥራ አድርገን ቆጠርነው። አንድ ሌሊት የወባ ትኩሳት ተነሥቶበት ራሱን ሳተ። አማርኛውም ከትኩሳቱ ጋር ጠፋና በአገሩ ቋንቋ አንድ ቃል ደጋግሞ ይናገር ጀመር። የእናቱን ስም የሚጠራ መስሎን ግንባሩን እየዳሰስን እስኪነጋ ድረስ «አይዞህ» ስንለው አደርን። ጠዋት ያገሩ ልጅ ከሌላ ክፍል ተጠርቶ ሲመጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲለምን ያደረው ውሃ እንደ ሆነ ነገረን። ማሰሮው ከአልጋው ሥር ነበር። ልጁ ድኖ ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረንም፤ እኛ ግን ስለ ግቢ ኑሮ በተነሣ ቁጥር ያች ማሰሮ ትታየናለች።

ወደ በረንዳው እንመለስ። ልብስ ሰፊው እስከዚህ ድረስ በመኪናው ላይ አቀርቅሮ ሲሰፋ ቆይቶ ነበርና፣ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ «እናንተ ስለ ጨዋታው ታወራላችሁ፤ እኔ ልጄ ትማርልኝ አልኩ እንጂ ትጥፋብኝ አላልኩም» አለ።

ይህን ቃል በፍልስፍና ልናልፈው አይቻለንም። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፍቷል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም ጓዛቸውን እየያዙ ግቢውን ለቀው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ በመንገድ ላይ የታገቱት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹም ሴቶች ልጆች፣ የወላጆቻቸው ዕንባ ምን ያህል እንደ ነበር አገር ሁሉ ያስታውሰዋል። የራሳችንንም ደጅ ሳንጠራ ብናልፍ እውነት አይሆንም። ከሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ከሩቅ አገር ለትምህርት የመጡ ሁለት ወጣቶች ተገድለዋል። እነርሱንም አንድ አባት «ትማርልኝ» ብሎ፣ አንዲት እናትም ስንቅ ቋጥራ ልከዋቸው ነበር።

እንግዲህ ልጁን በአጠገቡ ለማድረግ የሚፈልገውን አባት ፈሪ ብሎ መስደብ ነውር ነው። ነፍስን የሚያህል ነገር ከሽርሽርና ከዓሣ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ቅርብ መሆንም ቢሆን የቆረጠ ዋስትና አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደሴና ኮምቦልቻም በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጦርነቱ ሲያዙ፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፤ ያን ጊዜ ዓርብ ማታ የሚገባበት የሐይቅ ቤት ራሱ ባዶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት የቅርቡን መንገድ ሳይቀር የሚያሳስብ አድርጎታል። ልብስ ሰፊው ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ መኪናውን ቀብሮ የተሰደደ ሰው ነውና።

ነገር ግን በፍርሃት ውስጥ ሌላ ነገር ተሸሽጎ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። ሰውን መጥላት ብዙ ጊዜ የፍርሃትን ልብስ ተበድሮ ይለብሳል። የፈራ አባት የሚጠይቀው ስለ መንገዱ፣ ስለ ጥበቃው፣ ስለ መኝታ ቤቱ በር መቆለፊያ፣ ብትታመም ስለሚያሳክማት ሰው ነው። የጠላ አባት ግን የሚጠይቀው «በዚያ የሚኖሩት እነማን ናቸው?» ብሎ ብቻ ነው፤ መልሱን ከሰማ በኋላም ሌላ ጥያቄ የለውም። ወዳጃችን ልብስ ሰፊው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱንም ዓይነት ጠይቆናል። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን።

ይህ በሽታ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮጳ ጥንታዊ በሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች፣ በቦሎኛና በፓሪስ፣ ተማሪዎች እንደ ትውልድ አገራቸው «ነገድ» እየተባሉ ይደራጁ ነበር። በፓሪስ የፈረንሳይ፣ የፒካርዲ፣ የኖርማንዲና የእንግሊዝ የሚባሉ አራት ነገዶች ነበሩ። ማኅበሩ ለባይተዋር ልጅ መጠጊያ ስለ ነበር ጥቅሙን አንክድም፤ ነገር ግን ያው መጠጊያ የጠብ ምሽግም ይሆን ነበር። በኦክስፎርድ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1209 ዓ.ም. በከተማውና በተማሪው መካከል ደም ፈስሶ፣ ከዚያ የሸሹት መምህራንና ተማሪዎች ካምብሪጅ ላይ ጉባኤ ዘረጉ። ዛሬ የዓለም ወጣት «ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የትኛው ይሻላል?» እያለ የሚያወዳድራቸው ሁለቱ ታላላቅ ቤቶች ጎረቤት የሆኑት በጠብ ምክንያት ነው። በ1355 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ መጠጥ ቤት የተጀመረ ክርክር በዚያው በኦክስፎርድ ብዙ ተማሪ ፈጅቷል። እነዚህ ቤቶች ዛሬ የሚታየውን ሰላም ያገኙት በብዙ ትውልድ ድካም ነው፤ ለእኛም በአንድ ሌሊት አይመጣልንም።

በአገራችንም ቢሆን ሆን ተብሎ የተደከመበት ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ወጣቶች በነጻ ትምህርት ዕድል በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ነበር፤ ስለ ነጻነትና ስለ አፍሪካ የተካሄደው ክርክር ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ በዚያ ማዕድ የጋለ ነበር ይባላል። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወርዶ እንዲያገለግል፣ በአብዛኛውም እንዲያስተምር ተደረገ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ የተላኩበትን አውራጃ ስም ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ወደ ሌላ ነገር እንለፍ። ይህን ጊዜ ሁሉ ስንነጋገር የነበረው የሐይቅ ልጅ ወዴት ብትሄድ እንደሚሻል ነው። ነገር ግን በዚያችው ሰዓት በወላይታ ወይም በኢሉባቦር አንዲት ልጅ ይህንኑ የመሰለ ዝርዝር በደብተር ይዛ፣ «ደሴ እንዴት ነው? ወልድያስ ከሰው ያኗኑራል?» ብላ አባቷን እየጠየቀች ይሆናል። ስለ እኛ ነው የምትጠይቀው። አባቷስ ምን ብሎ ይመልስላት?

ወሎ በዚህ ነገር እንግዳ አገር አይደለም። በሐይቅና በአምባሰል ሰርግ ሲሆን፣ እስላሙ ለክርስቲያን እንግዶቹ ሌላ በሬ ክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲባርክለት ያደርጋል፤ ክርስቲያኑም ለእስላም እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድስቱ ለየብቻ ነው፤ ዳሱ ግን አንድ ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣው አዋጅ የለም። ሁለቱ ልጃገረዶች በፈተና ሰሞን በአንድ ክፍል ሲያድሩ አንዷ ስትሰግድ ሌላይቱ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርገው ከቤቷ በለመደችው ነው። ነገር ግን ይህን ዳስ ለሩቅ ተማሪ ዘርግተንለታልን? ከተማው ተማሪውን የሚያውቀው በቤት ኪራዩ፣ በፎቶ ኮፒውና በጀበና ቡናው ነው። ሦስትና አራት ዓመት በደሴ ኖሮ፣ ከሱቅ በስተቀር የሰው ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ተመርቆ የሚሄድ ስንት ልጅ አለ? እንዲህ ያለው ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ወሎ የሚናገረው የግቢውን አጥር ነው።

እዚህ ላይ ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ሹማምንትና መምህራን አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እናሳስባለን። የመኝታ ክፍል በስም ፊደል ተራ ሲደለደል ሥራው ቀላል ነው፤ ዝርዝሩም ለቁጥጥር ያመቻል። ውጤቱ ግን በአንድ ክፍል መሐመድና ሙስጠፋ፣ በሌላው ክፍል ገብረ እገሌና ገብረ እገሌ ተሰብስበው መገኘታቸው ነው። ማንም በክፋት ሳያስበው ፊደል ራሱ ነገድ ይሠራል ማለት ነው። በዚህ ላይ የምግብ አዳራሹ በቋንቋ ተከፋፍሎ ሲቀመጥ መምህሩ አይቶ ቢያልፍ፣ እርሱም ደግሞ የሚበላው ለብቻው በመምህራን ክበብ ቢሆን፣ ተማሪው ባልንጀርነትን ከማን ይማር? ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ጸሐፊ አንድ ቀን ቢደክምበት፣ የአራት ዓመት ጎረቤት ይሠራል። ስለ አንድነት በአዳራሽ ከሚደረገው ንግግር ይልቅ እኛ በዚህ ዝርዝር እናምናለን።

ለልጅቱ ምን መለስንላት? «ሐዋሳን ብትጽፊ ከሚያውቁሽ ለመሸሽ አይሁን፤ ደሴን ብትጽፊ ከማያውቁሽ ለመሸሸግ አይሁን» አልናት። ይህን ያህል ለማለት አንድ ጀበና ቡና አልቋል። የውጫሌዋ ባልንጀራዋ፣ «ታዲያ የትኛውን ትጻፍ?» ብላ ሳቀችብን፤ ሳቋም ተገቢ ነበር። ልጅቱ ሐዋሳን አስቀድማ ደሴን አስከተለች።

ምደባው በወጣ ጊዜ ግን ሁለቱም አልሆነላትም፤ ጅማ ደረሳት። የውጫሌዋ ልጅ ደሴ ተመደበች። ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ከሰው ሳይነጋገር ሰነበተ አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ሱቁን ዘግቶ ደሴ ወረደና፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ወጪ ገቢውን ተማሪ «የጅማ ልጅ አለ ወይ?» እያለ ሲጠይቅ ዋለ። እንደ ገና በሐይቅ ስናልፍ በዚያው በረንዳ ላይ፣ ከሐይቁ በወጣ ዓሣ ፊት፣ አንድ የአጋሮ ልጅ ተቀምጦ አገኘን። ኦሮምኛ የተጫነው ለስላሳ አማርኛ ይናገራል። በደሴ ሦስተኛ ዓመቱ ሲሆን በወሎ ሰው ቤት ገብቶ ሲበላ ያን ቀን የመጀመሪያው እንደ ሆነ ሲነግረን፣ ልብስ ሰፊው እጁን ከሰሐኑ ላይ መልሶ ዝም አለ።

ከዚያም መጠየቅ ጀመረ። መንገዱን ጠየቀ፤ ጥበቃውን ጠየቀ፤ የመኝታ ቤቱን በር ጠየቀ። ልጁ የሚያውቀውን ሁሉ መለሰለት፤ የእናቱንም ስልክ ቁጥር በልጅቱ ደብተር ላይ፣ ከተሰረዘው ዝርዝር በታች ጻፈላት።

«ሌላስ ልትጠነቀቅበት የሚገባት ምን አለ?» አለው አባትየው።

«ዝናቡ ይበዛል» አለ ልጁ።

ልብስ ሰፊውም እጁን ታጠበና፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ ለዝናብ ልብስ የልጁን ትከሻ ይለካ ጀመር። «አብሽሪ» አላት፤ ከዚያም ወደ አጋሮው ልጅ ዞር ብሎ፣ «አንተም ና፣ ትከሻህን ልየው» አለው።